የወንድሜ ጭንቅላት ንጹህ ነው የተባለ ጊዜ

ነገሩ ከሆነ አሥር ዓመት አልፎታል። ኢሕአዴግ ገና አገር ሲያስተዳድር፣ ሀዋሳን ባጃጅ ያጥለቀለቃት፣ ኤምአርአይ ለመነሳት ግን አዲስ አበባ ድረስ የምንሄድበት ጊዜ ነበር። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው የወንድሜ በሽታ ብቻ አይደለም፤ እኔ ራሴ በአንድ እሑድ የሠራሁት ሥራ ነው።

ታቦር አካባቢ ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ታናሽ ወንድሜን ማርቆስን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት እሱ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ካደገም በኋላ አላገባም፤ አብረን ነበር የምንኖረው። ባጃጅ ይነዳ ነበር። እኔ ቶሎ የምቆጣ፣ ቶሎ የምናገር ሴት ነኝ፤ እሱ ደግሞ ዝምተኛ ነበር። ሰፈርተኛው "አስቴር የሁለቱንም ድርሻ ታወራለች" እያለ ይስቅብን ነበር።

መጀመሪያ የታመመችው ባጃጇ መስላን ነበር። "ፍሪሲዮኗ ጠነከረብኝ" አለኝ፤ ማርሽ ሲቀየር በግራ እጅ የሚጨበጠው ማለቱ ነው። ገመዱን አስቀየረ፣ ምንም ለውጥ የለም። ሌላ ገመድ አስቀየረ። በሦስተኛው ጊዜ መካኒኩ ራሱ ነድቷት ተመለሰና "ማርቆስ፣ ባጃጇ ጤነኛ ናት፤ እስቲ እጅህን አሳየኝ" አለው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያለው ሥጋ ጎድጉዷል። እኔ ዘይት አሸሁለት፣ ወጌሻ ዘንድ ወሰድኩት፣ "ስልክ ስትነካካ እየዋልክ!" ብዬም ተቆጣሁት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ምላሱ መተሳሰር ጀመረ። በተለይ ደክሞት ሲገባ ቃላቱ ይለጠጡበታል። ጴንጤ ነን፤ ቤታችን መጠጥ ገብቶ አያውቅም። ሰፈሩ ግን "የአስቴር ወንድም መጠጣት ጀመረ" ብሎ አወራ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ሐሜቱ መጨረሻ የደረሰው እኔ ጋ ነው። አንዲት ደንበኛዬ ደብተር እየመረጠች ነገረችኝ። ከሱቄ አባረርኳት። ማርቆስ ከሥራ ሲመጣ ግን ራት የማቀርብ መስዬ ጠጋ አልኩና አፉን አሸተትኩ። ምንም የለም። በማግስቱም አሸተትኩት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

እዚህ ሀዋሳ ያየው ሐኪም ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገና "የነርቭ ችግር ይመስላል። ጭንቅላቱና አንገቱ በኤምአርአይ ይታይና ውጤቱን ይዛችሁልኝ ኑ" አለን። አዲስ አበባ ሄድን። እሱ ያ የሚያንኳኳ መሣሪያ ውስጥ ሲገባ እኔ ውጭ ተቀምጬ ጸለይኩ። በማግስቱ ትልቁን ፖስታ ያስረከበችንን ልጅ "ምን ይላል? ንገሪኝ በጌታ!" ብዬ ለመንኳት። ወረቀቱን ገረፍ አድርጋ አየችና "ምንም የለም፤ ንጹህ ነው" አለችኝ።

እዚያው እልል አልኩ። ማርቆስ ግን አልሳቀም። "ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው?" አለ።

"ምንም አልሆንክም ተባለ እኮ!" አልኩት።

ወደ ሐኪሙ የምንመለሰው ከአሥር ቀን በላይ ቆይተን፣ ረቡዕ ነበር። እሑድ ቀደመው። እኛ ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት አለ፤ ጌታ ያደረገለትን መናገር የሚፈልግ ሰው ወደ ፊት ይወጣል። ፖስታውን ይዤ ተነሳሁ። ማርቆስ ቀሚሴን ያዝ አድርጎ "መጀመሪያ ሐኪሙ ይየው" ቢለኝም አልሰማሁትም። ፊልሙን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረግሁና የወንድሜን ጭንቅላት ለጉባኤው ሁሉ አሳየሁ።

"ይኸው! አንዳች የለበትም! ጠጪ ነው ብላችሁ ያማችሁት ልጅ ይኸውላችሁ! ጌታ ፈውሶታል!"

እልልታው ቀለጠ። እውነቱን ለመናገር ከምስጋናው ይበልጥ ደስ ያለኝ ልክ ልካቸውን መንገሬ ነበር።

ሰው ከወጣ በኋላ ግቢው ውስጥ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ቀረበኝ። ለዘመድ ሠርግ ከሌላ ከተማ የመጣ የነርቭ ሐኪም ነው። "እህት አስቴር፣ ፊልሙን ልየው?" አለኝ። በኩራት ሰጠሁት። አገላብጦ አየና መለሰልኝ። ከዚያ ማርቆስን ጨበጠው፤ እጁን ግን ቶሎ አልለቀቀውም። እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ ክንዱን አየ። ቆዳው ሥር ያለው ሥጋ ብቻውን ይርገበገባል። "እስቲ ወንድሜ፣ ምላስህን አሳየኝ" አለው። ምላሱም እንደዚያው ነበር። ሰውየው ፈገግ ብሎ አመሰገነው፤ ፊቱ ግን ተለውጧል።

እኛ ዘንድ ክፉ ነገር ለታማሚ አይነገርም። የሚነገረው ለአስታማሚ ነው። ሰውየውን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰድኩትና "ለእኔ ይንገሩኝ" አልኩት።

"ፊልሙ በእርግጥ ንጹህ ነው" አለኝ። "ዕጢ የለም፣ የፈሰሰ ደም የለም፣ አንገቱ ላይ ነርቭ የተጫነ ነገርም የለም። እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝ ኖሮ ምናልባት ይታከም ነበር። እኔ የጠረጠርኩት ሌላ ነው። ጡንቻን የሚያዝዙት ነርቮች ቀስ በቀስ የሚሞቱበት በሽታ አለ።"

"ታዲያ ፎቶው ለምን አላሳየውም?"

"ቤት ፎቶ ብታነሺ ግድግዳው ይታያል እንጂ ውስጥ የተቀበረው የመብራት ሽቦ አይታይም። በዚህ በሽታ እንቅስቃሴን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል እየሳሳ ይሄዳል። ለውጡ ግን በጣም ጥቂት ነው። ተመራማሪዎች እንኳ የብዙ ሕሙማንን ምስል ከጤነኞች ምስል ጋር በኮምፒውተር እያስተያዩ ነው የሚለዩት። የአንድ ሰው ፊልም ይዞ በዓይን ማየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። እርግጡን የሚነግራችሁ የራሳችሁ ሐኪም ነው፤ ቀጠሮውን እንዳትተዉ።" ወደ ማርቆስ አሻግሮ አየና "እውነት ሆኖ ከተገኘ ግን አትደብቂው። ምላሱ ተነክቷል። ድምፁ ሳይሄድ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል" አለኝ።

"እርስዎ" ማለቱን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። "አንተን ሰይጣን ነው የላከህ! በጌታ ቤት መርዶ ታመጣለህ?" ብዬ ጮህኩበት። አልተቆጣም። "አይፈረድብሽም እህቴ" ብሎ የስልክ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝና ሄደ።

"ሰውየው ምን አለሽ?" አለኝ ማርቆስ።

"ጤነኛ ነው፣ ደህና ያገግማል አለ" አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ያን ሰሞን ቤታችን እንኳን ደስ አላችሁ በሚል ሰው ተሞልቶ ሰነበተ። እኔም እንግዳ ስቀበልና ስስቅ ሰነበትኩ።

በአሥረኛው ቀን ረቡዕ ደረሰ። የእኛ ሐኪም ማርቆስን ደግሞ መርምሮ፣ ወረቀቱን አንብቦ ጨረሰ። ማርቆስን አስወጥቼ ብቻዬን ጠየቅሁት። ያ እንግዳ ያለውን ነው ያለው፤ የበሽታውን ስምና የማይድን መሆኑንም ነገረኝ። "ለእሱ አይንገሩብኝ" ብዬ ለመንኩት። "የገዛ ሕመሙ ነው እኮ፤ እንግዲያው ራስሽ ንገሪው፣ አትቆዪ" አለኝ። ወጣሁና "ቫይታሚን ታዞልሃል" አልኩት። ማርቆስ ፊቴን አየ። "ርቦኛል፤ አሞራ ገደል እንሂድ" አለ።

ሐይቁ ዳር ተቀምጠን የዓሣ ጥብስ ቀረበልን። በዚያች በታመመች እጁ እሾህ መልቀም አቅቶት ስለነበር እኔ እየለቀምኩ አጎርሰው ጀመር።

"እትዬ፣ ያን እሑድ ቀሚስሽን ለምን እንደያዝኩ ታውቂያለሽ?" አለኝ። "ጤነኛ ነው ብለሽ ለሰው ሁሉ አሳየሽ። ምላሴ ግን መተሳሰሩን አልተወም። እንግዲህ ከዛሬ በኋላ ሲተሳሰርብኝ ሰው ምን ይላል? ጭንቅላቱ ንጹህ ነው ተብሏል፣ እንግዲያው ጠጥቶ ነው አይልም?"

"እኔ እያለሁ ማን አባቱ ነው እንዲህ የሚል!"

"አንቺስ ብትሆኚ አፌን ታሸቺ ነበር።"

የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

"ስገባ ተጠግቼ ጉንጭሽን መሳም የጀመርኩት ለምን ይመስልሻል? ሳታፍሪ እንድታሸቺኝ ብዬ እኮ ነው።"

እኔ ሞኝ፣ ወንድሜ ፍቅር የጨመረ መስሎኝ ነበር። እዚያው ሰው መሃል አለቀስኩ። እሱ እስክጨርስ ጠበቀኝና "በሽታዬ ስም ካለው ስሙን ንገሪኝ" አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ስሙን፣ የእንግዳውን ቃል፣ የሐኪሙን ቃል፣ የማይድን መሆኑንም። ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። እንባው ሲወርድ አየሁ። ከዚያ "እንኳንም ስም ኖረው" አለ።

በቀጣዩ እሑድ የምስክርነት ሰዓት ላይ ራሱ ወጣ። "እህቴ ያሳየቻችሁ ፊልም እውነት ነው። እኔ ግን ታምሜአለሁ። ምላሴ የሚተሳሰረው ለዚህ ነው" አለ፤ ቃላቱ እየተለጠጡ። እልል ያለ ሰው የለም። ስንወጣ ግን ጉባኤው በር ላይ ተሰልፎ ያቺን የከሳች እጁን አንድ በአንድ ጨበጠ።

ከዚያ ወዲያ ያ ዝምተኛ ልጅ ወሬኛ ሆነ። እናታችን ለእሱ ብቻ ትለው የነበረውን ነገረኝ። ሊያገባት የፈለጋት ልጅ እንደነበረችና እኔ ብቻዬን እንዳልቀር ብሎ እንደተዋት ነገረኝ። ባጃጅ ውስጥ የሚጣሉ ባልና ሚስቶችን እያስመሰለ በሳቅ ይገድለኝ ነበር። አፌን ዘግቼ መስማት የተማርኩት ያኔ ነው። ድምፁ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ በዓይኑ ብቻ እንግባባ ነበር። በሦስተኛው ዓመት አረፈ።

ለዚያ እንግዳ ሐኪም ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። "ነገርሽው?" ብቻ ነው ያለኝ።

በሽታው አሁን አያናድደኝም፤ ማንም አላመጣበትም። የሚያንገበግበኝ ከዚያ እሑድ እስከዚያ ረቡዕ ያለው ጊዜ ነው። አሥር ቀን ነው። ወንድሜ መናገር እየቻለ፣ እኔም እያወቅሁ፣ አሥር ቀን ሙሉ ስለ ዝናብና ስለ ገበያ አወራሁት።