በሩ በድንጋይ ሲንኳኳ

ትናንት ከሰዓት አንድ ሰው የግቢያችንን የብረት በር በድንጋይ አንኳኳ። ድምፁ ካዛንቺስ ወዳደግኩበት ቤት ወሰደኝ።

ቤታችን ደንብ ነበረው። እናቴ በትግርኛ፣ አባቴ በኦሮምኛ ያናግሩናል፤ አማርኛ የሰፈር ነው። ለእናቴ በአማርኛ ከመለስንላት እንዳልሰማች ሆና ምስሯን ትለቅማለች። መምህርት ስሆን ነው ዘዴዋ የገባኝ፤ ልጅ ቋንቋ የሚይዘው ሲቸግረው ነው።

አንድ ቀን በሩ እንዲሁ በድንጋይ ተመታ። ታናሽ ወንድሜ በትግርኛ "መን እዩ?" ብሎ ጮኸ። እናቴ ሰፌዱን ጥላ ሽንኩርት በሚሸት እጇ አፉን አፈነችው።

"በአማርኛ አውሩ!" አለችን፣ ራሷም በአማርኛ። እንዲህ ስታናግረን የመጀመሪያዋ ስለነበር የሌሎች ልጆች እናት መሰለችኝ።

አባቴ ወጥቶ አነጋግሯቸው ተመለሰ።

"መዝጋቢዎች ነን ይላሉ። ማን ከየት እንደመጣ ነው የሚጠይቁት።"

"ምን አልካቸው?"

"ሁላችንም የወሊሶ ሰዎች ነን አልኳቸው።"

"አመኑህ?"

"እንመለሳለን ብለዋል።"

ተመልሰው መምጣታቸውን አላስታውስም። የማስታውሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ በአማርኛ ስንመልስላት መስማት መጀመሯን ነው።

ዛሬ ያንን የትግርኛ ደንብ እኔም ለልጄ አውጥቼላታለሁ። ትናንት በሩ ሲንኳኳ በደስታ እየሮጠች "መን እዩ?" አለች።

የውኃ ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ነበር። እጄን ከአፏ ላይ ያነሳሁት ግን እሱ ከሄደ በኋላ ነው።