ደግ አባት አይሸጥም

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የፍቅር ልብወለድ ጻፍኩ፤ ወንጀሌ ይኸው ነው። አንዲት የቆቦ ልጅ ትማራለች፣ ራሷ የመረጠችውን ትወዳለች፣ በገዛ ፈቃዷ ታገባለች። አባትየውን ግን አልፈጠርኩትም፤ የራሴን አባት ነው እንዳለ ያስገባሁት።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ከጎብዬ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቁኝ መጡ። አባቴ ማሽላ አራሽ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም። ከጓዳ አስጠራኝና በሰዎቹ ፊት፣ "ትፈልጊያለሽ?" አለኝ። አልፈልግም አልኩ። እንግዲህ ሰምታችኋል ብሎ እስከ አስፋልቱ ሸኛቸው። ከዚያ ወዲያ ገበያ በወጣ ቁጥር ሴት ልጁ የምታዘው እያሉ አላገጡበት። አንድ ቀን እንኳ እኔ ላይ አላማረረም።

አዲስ አበባ ያለው አርታኢ ይህን አንብቦ በስልክ ሳቀብኝ። የገጠር አባት እንዲህ አይልም አለኝ። የዘመኑ አንባቢ ነጻ የምትወጣ ሴት ነው የሚፈልገው፤ አባቷ ጥሩ ከሆነ ከማን ነጻ ልትወጣ ነው? "ደግ አባት አይሸጥም፣ እህቴ።" ኧረ ወዲያ! አባቴ በሕይወት አለ፣ አንድ ቃል እንዳትነካ አልኩት። እሺ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

መጽሐፉ ታትሞ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከልኝ። አባቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ እየጠበቀኝ ስለነበር፣ ገልጬ እንኳ ሳላየው ከመናኸሪያ በባጃጅ ቤት ገባሁ። ያንን የሽማግሌዎቹን ቦታ አንብቢልን አለኝ። ማንበብ ጀመርኩ። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ልጅቱ ተጠራች፤ አልፈልግም አለች፤ አባትየው አለንጋውን አንስቶ ጀርባዋን ተለተለው። እዚያ ላይ አቆምኩ። አንዷ ጎረቤት ቀጥዪ እንጂ ትለኛለች። ምኑን ልቀጥል?

ሴት ሳትጠየቅ አይወሰንባት እያለ ከዳር እስከ ዳር የሚሰብክ መጽሐፍ ነው እኮ! ያ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጠይቆኛል፤ እነዚህ ስለ ሴት መብት ሲያወሩ የሚውሉት ግን አልጠየቁኝም። አባቴን አለንጋ አስይዘው ሸጡት።

ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። አባቴ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"መቼ ነው የመታሁሽ፣ ልጄ?" አለኝ።

እኔ አይደለሁም የጻፍኩት፣ አዲስ አበባ ያሉት ናቸው ብዬ በአላህ ስም ማልኩለት። መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ አገላበጠው፤ የጀርባውን ሽፋን ብዙ አየው።

"ፎቶው ግን ያንቺ ነው" አለ።