ሠላሳው የላስቲክ ሳንቲም

ይህ የደረሰብኝ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ አሰላ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት መጥቶ ሄዷል። እኔ ግን ዛሬም መርፌ አንስቼ ቁልፍ በተከልኩ ቁጥር ነገሩ ትዝ ይለኝና ደሜ ይፈላል። ልጆቼ "እማዬ፣ አሁንም አልበረደልሽም?" እያሉ ይስቁብኛል። አልበረደልኝም።

ባለቤቴ ከድር ልብስ ሰፊ ነበር። ሐጂ ሙዘሚል የሚባሉ ነጋዴ የሱቃቸውን በረንዳ ሰጥተውን፣ እሱ በመኪና ይሰፋል፤ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የቁልፍ ቀዳዳ እዘመዝማለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። ያለን ንብረት ያቺ የስፌት መኪና ብቻ ነበረች።

በዚያ ክረምት ወደ ናዝሬት የሚወስደው መንገድ በጭቃ ተዘጋና ቁልፍ ከገበያ ጠፋ። ብርዱ ደግሞ የነሐሴ ብርድ ነው፤ ኮት ያሰፋ ሰው ደረቱን ከፍቶ አይሄድም። ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ ማንም ሳይገዛው የከረመ አንድ እሽግ የላስቲክ ሳንቲም ነበራቸው። ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ የሚገበያዩበት፣ ከውጭ አገር የመጣ ነው። መልኩ መዳብ ይመስላል። ባንድ ወገን ቁጥር፣ በሌላው ወገን ዘውድ የደፋ ሰው አለበት።

"ውሰዱና የምታደርጉትን አድርጉት፤ እኔ ዘንድ ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም" አሉን።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እኔ ሽቦ ከሰል ላይ አግዬ በየሳንቲሙ ሁለት ሁለት ቀዳዳ በሳሁና በቁልፍ ፈንታ ኮት ላይ ተከልኩት።

ሰው ይሄንን አይለብስም ብዬ ፈርቼ ነበር። ጭራሽ ወደዱት። በእኛ አገር የባላገር ሴት ጠገራ ብር በክር ሰክታ አንገቷ ላይ የምታስረው ለጌጥም ለክብርም ነው፤ ደረት ላይ ሳንቲም ማየት ለማንም አዲስ አይደለም። ከሲሬም ከበቆጂም ለገበያ የሚመጡት ገበሬዎች "ያንን ባለሳንቲሙን ስፉልን" ይሉን ጀመር። እሽጉ ውስጥ የነበሩት ሠላሳ ናቸው። በሦስት ሳምንት አለቁ።

አንድ የገበያ ቀን አዲስ የተሾመ የፖሊስ መቶ አለቃ ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ በረንዳችን ላይ ወጣ። ከአንድ ገበሬ ኮት የነቀለውን ቁልፍ በሁለት ጣቱ ይዟል።

"ይሄንን የሠራው ማነው?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ከድር ብድግ አለ። "እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።"

"የመንግሥትን ገንዘብ የሚመስል ነገር ይዞ መገኘት በሕግ እንደሚያስቀጣ አታውቅም? ያውም የጃንሆይን ፊት በሽቦ እየበሳህ?"

ከድርን የፊጥኝ አስረው ወሰዱት። መኪናችንንም "ወንጀል የተሠራበት ዕቃ ነው" ብለው ለኩሊ አሸከሟት። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። የበሳሁት እኔ፣ የታሰረው እሱ። መኪና እንዴት ሳንቲም እንደሚበሳ የጠየቀ ሰው የለም።

በማግስቱ ጠዋት መቶ አለቃው ፊት ቀረብኩ። "የበሳሁት እኔ ነኝ" አልኩት። ባልሽን ለማስፈታት ነው ብሎ አላመነኝም። ያኔ ገና ሃያ ዓመቴ ነው፤ ስናደድ አፌ አርፎ አይቀመጥም።

"እሺ ጌታዬ፣ ይህ ገንዘብ ከሆነ እስቲ ሰው ይላኩና አንድ እስር ጎመን ያስገዙበት። የሸጠልዎ ሰው ከተገኘ እኔንም ይሰሩኝ።"

"ሕጉ ስለ ጎመን አይጠይቅም። መምሰሉ ይበቃል።"

ከመቀነቴ እውነተኛ ሳንቲም ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። "ይኸው ጌታዬ፣ ጃንሆይ እዚህ ላይ ዘውድ አልደፉም፤ ጺምም አላቸው። ይሄኛው ሰውዬ ዘውድ ደፍቷል፤ ጺም የሚባል ነገር የለውም። የየት አገር ሰው እንደሆነ እንኳ አናውቅም።"

"የጃንሆይን ጺም የምታስተምሪኝ አንቺ ነሽ?" አለኝ።

ከዚያ ስንት እንደነበሩ ጠየቀኝና፣ የነቀላትን አንዷን ወደ እኔ ገፍቶ፣ ወረቀቱን እያገላበጠ ፍርዱን ሰጠ። ሠላሳውንም በስድስት ቀን ውስጥ ለቅሜ ካመጣሁ ከድር ይፈታል። አንድ ከጎደለ ግን ገበያ ውስጥ ገብቷል ማለት ስለሆነ ነገሩ ወደ በላይ ፍርድ ቤት ያልፋል። ወደ በላይ አለፈ ማለት ሰውየው ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ አላህ ነው የሚያውቀው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ በዚያ ዘመን መቶ አለቃም አይከሰስም ነበር።

በጨርቅ ቋጠሮ ሠላሳ ቁልፍ ሠራሁና መቀሴን ይዤ ወጣሁ። በሰው በር እየቆምኩ "ይቅርታ፣ ቁልፉን ልቁረጥ" ማለት ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል። ያዘነልኝ አለ። "የሰው ልብስ አበላሽተሽ አሁን ደግሞ ልትነቅዪ መጣሽ?" ብሎ ያመናጨቀኝም አለ። ሲሬ ድረስ ጭቃ እየረገጥኩ ሄጄ ተመለስኩ። በአምስተኛው ቀን ሃያ ሰባት ሆነ። የቀሩት ሦስቱ አንድ ኮት ላይ ናቸው። ኮቱን ያሰፋው ገብስ ለመሸጥ የሚመጣ ደንበኛችን ነው፤ ለሴት ልጁ ነበር።

በእህል ጫኝ መኪና ወደ በቆጂ ወጣሁ። ከመንገዱ ወርጄ በገብስ ማሳ መካከል በእግሬ ሽቅብ ሄድኩና ቤቱ ደረስኩ። አባትየው አልነበረም። እናትየው ነገሩን ስነግራት እያለቀሰች ሰማችኝ። ልጅቷ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ኮቱን ለብሳ አጠገቧ ቆማለች። የመጣሁበት ሲገባት ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ደራረበች።

ሁለቱን እናቷ እያባበለቻት ቆረጥኩ። ሦስተኛውን በጡጫዋ ጨብጣ አልለቅም አለች።

"እህቴ፣ አንዷን ዲሲ፣ ተይላት" አለችኝ እናትየው። "መንገድ ላይ ጠፋች በይ። እዚህ ዳገት ላይ ማን መጥቶ ያያል?"

ልቤ እሺ ብሎ ነበር። ግን ከድር መጣብኝ፤ "አንድ ከጎደለ" የሚለው ድምፅም መጣብኝ። ተንበርክኬ የልጅቷን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው። ብርድ ያደረቃቸው ትንንሽ ጣቶች ናቸው። ክሩን ቆረጥኩ፤ በቦታው የጨርቋን ቁልፍ ተከልኩላት።

አላለቀሰችም። ትክ ብላ አየችኝና "ሀቱ" አለችኝ። በኦሮምኛ ሌባ ማለት ነው። እናቷ ደንግጣ አፏን ያዘቻት። እኔ መቀሴን አንስቼ ወጣሁ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሠላሳውን በሻሽ ቋጥሬ መቶ አለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሻሹን ፈታ፣ መሳቢያውን ሳበ፣ ገለበጠውና በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው።

"በቃ፣ ሂጂ። ይፈታልሻል።"

"አይቆጥሩትም እንዴ?" አልኩት።

"ምኑን ነው የምቆጥረው? ላስቲክ እኮ ነው" አለኝ።

 ባዶ ሻሼን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወጣሁ።

ከድር ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተፈታ። መኪናዋን ዝናብ ሲወርድባት ሰንብታ ዝጋ መለሱልን። ይቅርታ ያለን የለም። እኛም አልጠየቅንም፤ ማን ይጠይቃል? ከድር "ሁሉንም እንዴት አገኘሻቸው?" ሲለኝ "አገኘኋቸው" ብቻ አልኩት። እስከ ዕለተ ሞቱ ስለ ልጅቷ አልነገርኩትም።

መቶ አለቃውን ይቅር በይው ይሉኛል። ሞቶም ከሆነ አልወጣልኝም። ሕግ አለ ብሎ ሰው ያስራል፤ ደግሞ ላስቲክ እኮ ነው ይላል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን እሱ አይደለም። ያቺን ልጅ መቶ አለቃው አላያትም፣ አላወቃትም። ጣቶቿን ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። በሕይወት ካለች ዛሬ እሷም አርጅታለች፤ ምናልባት ረስታው ይሆናል። ካልረሳችው የምታስታውሰው እሱን አይደለም፤ እኔን ነው። እውነቷንም ነው።