ጫማው ለእኔ ነው

የተሰጠኝ ጫማ አርባ አንድ ቁጥር ነበር። የእኔ እግር ሠላሳ ሰባት ነው።

ያኔ ድሬ ዳዋ ውስጥ የመንገድ ዳርና የግቢ አትክልት የሚሠራ አንድ ድርጅት ቀጥሮኝ ነበር። ጉድጓድ እንቆፍራለን፣ ሳር እንተክላለን፣ ቡገንቪሊያ እንከረክማለን፣ ፀሐይ ያደረቀውን ነቅለን በምትኩ ሌላ እንተክላለን። ግማሾቻችን ሴቶች ነን። የሥራ ጫማው ሲመጣ ግን ሴት ትዝ ያለው ሰው እንዳልነበረ ከካርቶኑ ሳይወጣ ያስታውቅ ነበር። ሁሉም ትልልቅ፣ ሁሉም ከባድ፣ ሁሉም የወንድ። ወንዶቹ መርጠው ሲጨርሱ የተረፈው ለእኛ ታደለ።

"ይሄ እኮ አይሆነኝም" አልኩት ካቦአችንን።

"ጨርቅ ጠቅጥቂበት" አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

አሮጌ ካናቴራ ቀድጄ ጠቀጠቅኩበት። በድሬ ሙቀት ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ጫማ ምን እንደሚያደርግ ያደረገው ያውቀዋል። ረፋድ ላይ እግር ይቀቀላል፤ ከሰዓት ጨርቁ ተጠቅልሎ ጣት ሥር እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ጋሪ ስገፋ ጫማው ቀድሞኝ ይሄዳል፣ ስቆም ተረከዜ ይላጣል። ማታ ማታ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ እቀመጥና ለነገው ደግሞ ያንኑ ጨርቅ አጥቤ አሰጣለሁ።

ከሐርላ በኩል የምትመጣ አንዲት የሥራ ጓደኛ ነበረችኝ፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። እሷ የተሰጣትን ጫማ ሁለት ቀን ሞክራ ቤቷ ጥላው በፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ መምጣት ጀመረች። "ጫማ ከሚበላኝ እሾህ ይውጋኝ" ትል ነበር። እውነትም ወጋት። ደቻቱ ወንዝ ዳር የተከመረ የግራር ቅርንጫፍ ስናነሳ አንዱ እሾህ የኮንጎዋን ሶል በስቶ እግሯ ውስጥ ገባ። አልጮኸችም። አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ በኦሮምኛ አንድ ነገር እያጉረመረመች ጎትታ አወጣችው፤ ደሙ ተከትሎት መጣ።

ካቦው ሮጦ ደረሰ። ከቁስሏ በፊት ያየው ኮንጎዋን ነው።

"የሰጠንሽ ጫማ የታለ?"

"ቤት።"

"እንግዲህ የራስሽ ጥፋት ነው። እኔ የለሁበትም።"

እስከዚያች ቃል ድረስ ችዬ ነበር። "እኔ የለሁበትም" ሲል ግን ከጓደኛዬ አጠገብ ተቀመጥኩና ጫማዬን አወለቅሁ። ላብ የጠገበውን ጨርቅ ከውስጡ ስቤ አወጣሁ። ጫማውንም ጨርቁንም እግሩ ሥር አስቀመጥኩለት።

"ተረከበኝ። በዚህ ሁለተኛ አልሠራም።"

"በምን ልትሠሪ ነው?"

"በልኬ። አንተ ካላመጣህ እኔ አመጣለሁ።"

"ፋሽን ካማረሽ ከዚራ ሰፈር ሄደሽ ተንሸራሸሪ!" አለ። ወንዶቹ ሳቁ። ከሴቶቹ አንዷም አልሳቀችም።

ለምሳ ሰዓት የምይዘውን ነጠላ ጫማ አጥልቄ፣ ጓደኛዬን ደግፌ ጤና ጣቢያ አደረስኳት። ቁስሏን አጥበው አሽገው፣ መርፌ ወግተው ወደ ቤቷ ሲሸኟት እኔ በባጃጅ ወደ ታይዋን ገበያ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ባለሱቅ የሥራ ጫማ ስለው፣ "የባልሽ ቁጥር ስንት ነው?" አለኝ። ለእኔ ነው ስለው፣ "በይ ባልሽን ይዘሽ ነይ" አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ሁለተኛው ሮዝ ሸራ ጫማ አውጥቶ፣ "አንቺ ላይ የሚያምረው ይሄ ነው" አለኝ። እሾህ ያስቆም እንደሆነ ጠየቅኩት። ጫማውን ወደ ካርቶኑ መለሰው።

ሦስተኛዋ ጋ ደረስኩ፤ በካርቶን ቁራጭ ራሷን የምታራግብ ሶማልኛ ተናጋሪ ሴት ነበረች።

"ለማን ነው አባዮ?" አለችኝ፤ በሶማልኛ እህቴ ማለቷ ነው።

"ለእኔ።"

"ምን ትሠሪበታለሽ?"

"እቆፍራለሁ። እሾህ አነሳለሁ። ፀሐይ ላይ እውላለሁ።"

"እንግዲያው ተቀመጪ።"

መጀመሪያ የሰጠችኝ ወፍራም ካልሲ ነው። "በባዶ እግር ለክተሽ ከገዛሽ ነገ መጥተሽ ትጣዪኛለሽ። ደግሞ ከሰዓት መምጣትሽ ጥሩ ነው። ሙቀት እግር ያሳብጣል፤ ጠዋት የለካ ከሰዓት ያለቅሳል" አለችኝ። አንድ የሚያብረቀርቅ ቡናማ አነሳሁ። ከእጄ ተቀብላ ሶሉን በሁለት ጣቷ እንደ ወረቀት አጠፈችው። "ይሄ ለፎቶ ነው።" ቀጥሎ ፊቱ ላይ ብረት ያለው አደረግኩ። ጥሩ ይመስል ነበር፤ ግን ቁልቁለት ላይ ጣቴ ብረቱን ይነካ እንደሆነ ሱቅ ውስጥ በምን ልወቅ? ከሱቁ ፊት ለፊት ለግንባታ የተራገፈ ጠጠር ተከምሯል። ወጥቼ ክምሩ ላይ ወጣሁ፤ ወረድኩ፤ ደግሜ ወጣሁ። ሰው ቆሞ ያይ ጀመር።

አንድ ባለ ባጃጅ አንገቱን አስግጎ፣ "አቦ፣ ትራፊክ ሆንሽ እንዴ?" አለኝ።

"አዎ፣ መንጃ ፈቃድህን አውጣ!"

ባለሱቋ ሻሿ እስኪወርድ ሳቀች።

ያ ጫማ ጣቴን ነካው፤ መለስኩት። ሦስተኛው ከቆዳ የተሠራ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ወፍራምና ጥርሳም፣ ለውፍረቱ ግን ቀለል ያለ ነበር። ከካልሲው ጋር ሠላሳ ስምንቱ ልክ መጣ። ስወርድ ጣቴ ምንም አልነካም፤ ተረከዜም ከቦታው አልተነሳም። ጠጠሩ ላይ እንደቆምኩ "ይሄን!" አልኳት።

ዋጋውን አልናገርም። ባሌም የባጃጅ ሾፌር ነው፤ ሲሰማ፣ "ለጫማ? ይሄን ሁሉ?" አለ።

"የባጃጅህን ጎማ ስትቀይር ለምን ብዬህ አውቃለሁ?"

እግሬን አየ፣ የተላጠውን ተረከዜን አየ። ከዚያ የምነክርበትን ውኃ ራሱ ቀዳልኝ።

በማግስቱ ካቦው፣ "ይሄ የድርጅቱ ጫማ አይደለም" አለ። አይደለም አልኩት። "ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው ማድረግ ያለበት።" እንግዲያው ለሁሉም ሰው ልኩን አምጣ አልኩት። ብቻዬን የደቻቱን እሾህ እንዳነሳ አዘዘኝ። ቀኑን ሙሉ አነሳሁ፤ ቅርንጫፉን እየረገጥኩ፣ ሲሰበር ድምፁን እየሰማሁ። እግሬን አንዲትም እሾህ አልነካችኝም። ደስ እንዳለኝ ካቦው እንዲያይ ሆን ብዬ አንጎራጎርኩ።

ጓደኛዬ እግሯ ሲድን ተመለሰች፤ ሴቶቹም አንድ ላይ መከሩ። ቀጣዩ ጫማ ሲመጣ እንደገና አርባና አርባ አንድ ነበር። ከሴቶቹ ማንም እጁን አልዘረጋም። "ውሰዱ እንጂ!" አለ ካቦው። ጓደኛዬ፣ "መጀመሪያ እግራችንን ለካ" አለችው። ካቦው አለቃው ጋ ደወለ፤ አለቃው በመኪና መጣና፣ "ይለካ" አለ። አንድ በአንድ ካርቶን ላይ ቆመን እግራችንን በእስክሪብቶ አስነደፍን። ከወር በኋላ የመጣው ጫማ ለአብዛኞቻችን ልክ ሆነ፤ ያልሆናቸው ሁለቱ ሴቶች እዚያው መለሱት፤ ተቀየረላቸው።

እኔ ግን ዋጋዬን አገኘሁ። እሠራበት ከነበረው ጥላማ የሆቴል ግቢ አንስተው ከከተማ መውጫው መንገድ አካፋይ ላይ፣ አንድ ዛፍ እንኳ በሌለበት መደቡኝ። ካቦው ዛሬም ከትእዛዝ በቀር አያናግረኝም፤ እኔም ናፍቆኝ አያውቅም። አካፋዩ ላይ የኒም ችግኝ ተክያለሁ፤ ጥቂቱ ደርቋል፣ ጥቂቱ ይዟል። የደረቀውን በዚህ ሳምንት እተካለሁ።