አባቴን ያልበላው አንበሳ

ልጅ እያለሁ፣ በኮልፌ ሰፈራችን አንበሳ በዱር ያየ ሰው አባቴ ብቻ ነበር። በወጣትነቱ አዋሽ በረሃ ለመስኖ እርሻ ቦይ ሲቆፍር ብዙ ዓመት ኖሯል። ክረምት አመሻሽ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብና የጭቃው ሽታ በበሩ ስር ሲገባ፣ እኔና የጎረቤት ልጆች ከበነው ያንኑ ታሪክ እናስደግመዋለን። አንበሳው አግስቶ ሲመጣ፣ አባቴ አካፋውን እንደያዘ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲል፣ ቦዩ ውስጥ እስከ ወገቡ ሲገባ፣ አውሬው ቆሞ አይቶት አይቶት ሲመለስ። "ውኃው አዳነኝ" ብሎ ነበር የሚጨርሰው።

ሦስተኛ ክፍል ስደርስ የአባቴ ሆድ ማበጥ ጀመረ። እጅና እግሩ እየመነመነ ሆዱ ብቻ ገፋ። እናቴ ፀበል ወሰደችው፤ ሰው የጠቆማትን ሥር ሁሉ ቀቅላ አጠጣችው። አንድ ቀን ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ እንዳለ ደም አስመለሰ። እናቴ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ አስፋልት ላይ ወጥታ ታክሲ ስትለምን፣ ደሙን ያየ ሹፌር ሁሉ ጥሎን ይሄድ ነበር። እኔ የአባቴን እጅ ይዣለሁ። እጁ ቀዝቅዟል።

ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም አባቴ ቦይ ውስጥ ይሠራ እንደነበር ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ውኃ ውስጥ የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ እንዳለች፣ ከእሷ የሚወጣ ዓይን የማያየው ትል በቆዳ ገብቶ ጉበትን ለዓመታት እንደሚጎዳ ለእናቴ አስረዳት።

"ቢልሃርዚያ ይባላል። ቀደም ብለው ቢያመጧቸው ክኒን ነበረው።"

"አሁንስ፣ ዶክተር?"

ሕመም ማስታገሻ ብቻ ጽፎ ሰጣት።

እኔ ግን አልገባኝም። አልጋው ጠርዝ ላይ ወጥቼ፣ "አባዬ፣ ቀንድ አውጣ ጥርስ አለው እንዴ?" አልኩት። በደረቀ ከንፈሩ ሊስቅ ሞከረ።

"አንበሳው አግስቶ ነው የመጣው ልጄ፤ ሸሸሁት። ይቺን ግን ስንቴ ረግጫት አልፌያለሁ! አየሽ፣ አንበሳ ቢበላኝ እንኳ ለወሬም ይመች ነበር።"

ሳምንት አልቆየም። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ እናቴን ሊያጽናኑ፣ "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" አሉ። ጮኼ ልመልስላቸው ፈለግኩ፤ አባቴ ላይ የደረሰው ያልፈራው ነው!

ዛሬ ያ የቆርቆሮ ቤት የለም፤ ከእናቴ ጋር ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። እዚያ ቆላ አገር ልጆች ክኒኑን በየትምህርት ቤታቸው ይወስዳሉ ሲሉ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል፤ ደግሞም ያንገበግበኛል። ለሥራ ከከተማ በወጣሁ ቁጥር እናቴ ሽበቴን እያየች፣ "ወንዝ እንዳትገቢ፣ እግርሽን እንኳ እንዳታስነኪ" ትለኛለች። "እሺ እማዬ" እላታለሁ።

ያኔ ለአባቴ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም።