ያልተለበሰው ሱሪ

የልጅ ልጄን ሱሪ ጠርዝ ስተረትር፣ እጥፋቱ ውስጥ ፀሐይ ያላየው ጨርቅ ብቅ ሲል እጄ ይቆማል። የአዲስ ካኪ ሽታ ይመጣብኛል። ምን ሆንሽ አትበይኝ፣ ልንገርሽ።

በደርግ ጊዜ ከእናቴ ጋር ሱዳን፣ ገዳሪፍ አጠገብ፣ ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ነበርን። ታናሽ ወንድሜ አብሮን አልነበረም። ከአገር ስንወጣ አመሻሽ ላይ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ የድንበሩ ወንዝ ውስጥ ሲገባ አየነው። ተኩስ ተከፈተ፣ ሰው ተበታተነ። ማዶ ስንሰባሰብ እሱ የለም።

ካምፑ ውስጥ አንድ የጎንደር መምህር ከራሽን ሰልፍ መልስ የሣር ዳስ ሥር እንግሊዝኛ ያስተምረን ነበር። ሁሉም ነገ ውጭ አገር የሚሄድ ስለሚመስለው ዳሱ ጢም ይላል። አንድ ቀን «ተርን አፕ» የሚል ነገር አመጣልን። ይዞት የመጣውን ሬዲዮ ድምፅ ከፍ አደረገና «ይኸ ተርን አፕ ነው» አለ። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ የሱሪውን ጫፍ ወደ ላይ አጠፈ። «ይኸም ተርን አፕ ነው።»

«ፈረንጆቹ ቃል አነሳቸው እንዴ?» አለች አንዷ፤ ሳቅን።

እናቴ አልሳቀችም። የታጠፈውን ሱሪ እያየች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። መምህሩ ልብ ሳይላት «የጠፋ ነገር ሲገኝም ተርን አፕ ይባላል» ብሎ ቀጠለ።

«የጠፋ ሰውስ ሲመጣ?» አለች እናቴ።

«አዎ እትየ፣ ለሰውም ይሆናል።»

«እስቲ ድገምልኝ።»

ደገመላት። ከዚያ ወዲያ ትምህርቱን ተወችው፤ የፈለገችውን አግኝታለች። ከድንበር ሎሪ በመጣ ቁጥር ሮጣ ትወጣና ሾፌሩን «ተርን አፕ?» ትለዋለች። ሱዳኑ ምኑም ሳይገባው «ኢንሻላህ፣ ያ ሐጃ» ብሎ ያልፋል።

ሰሊጥ ስታበጥር ከርማ ከገዳሪፍ ገበያ ለወንድሜ አዲስ ካኪ ሱሪ ገዛችለት። ልጅ ያድጋል ብላ ረጅሙን መርጣ፣ ጫፉን ደጋግማ አጥፋ ሰፋችው። በየእንቁጣጣሹ የወንድሜን እኩያ የጎረቤት ልጅ ትጠራና ሱሪውን ወገቡ ላይ ይዛ ትለካበታለች። ከዚያ ክሩን ተርትራ ትንሽ ታስረዝመዋለች።

«አድጓል እኮ» ትለኛለች፣ እየሳቀች። ያን ሳቋን እስከ ዛሬ አልወደውም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። በአንዱ እንቁጣጣሽ ልጁ ጢም አቀምቅሞ መጣ። እናቴ ሱሪውን ለካችበት፤ አጠረው። ጫፉን ገልበጥ አድርጋ የሚተረተር ፈለገች። እጥፋቱ አልቋል።

«ኸላስ» አለች ቀስ ብላ። በቃ ማለቷ ነው፤ በእናቴ አፍ ዐረብኛ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሱሪውን ለልጁ ሰጠችው። «በል ልበሰው የኔ ልጅ፣ ለምን ይበላሻል» አለችው።

ለብሶት ሲሄድ በር ላይ ቆማ ከኋላው አየችው። ማታውን ከድንበር የመጣ ሎሪ ጥሩምባውን ነፋ። እኔ ብድግ አልኩ። እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።