በሳሙና የደፈንኩት ቡሎን

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። የነፍስ አባቴ ፊትም ስንት ጊዜ ተንበርክኬ፣ ጾም ገደፍኩ፣ ሰው አማሁ ብዬ ተነሥቻለሁ እንጂ ይህን ከአፌ አላወጣሁትም። እንግዲህ አንተ የማታውቀኝ ሰው ስማኝ። እንድታዝንልኝ አይደለም፣ ስማኝ ብቻ።

ደርግ ወድቆ በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ የሚባለው ነገር የገባ ሰሞን ነው። ዘመሮ በምትባል የደጋ ከተማ ጋራዥ ከፍቼ ነበር። ጋራዥ ስልህ አንድ ጉድጓድና የቆርቆሮ ጥላ ነው። ጋሽ ታደሰ የአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። የሚነዷት አሮጌ ፒካፕ በቆመችበት ሁሉ መሬቱን በዘይት ታጠቁራለች። "እስቲ ከየት እንደሚያፈስ ፈልግልኝ፤ ነገ ቆላ መውረዴ ነው" አሉኝ።

ፈለግሁ። ሞተሩን በነጭ ጋዝ አጥቤ አደረቅሁና የገብስ ዱቄት ነሰነስኩበት፤ ዘይቱ የሚወጣበትን ቦታ ዱቄቱ ረጥቦ ያሳያል። ከላይ፣ ክዳኑ ሥር ረጠበ። የክዳኑን ላስቲክ ቀየርኩ፣ ማፍሰሱም ቆመ። እዚህ ድረስ ሥራዬ ንጹሕ ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ማን አድርግ አለኝ? ዘይቱን ልለውጥ አሮጌውን አፍስሼ፣ ከታች ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን ጠብቆ ሳለ ይበልጥ ላጥብቀው ብዬ ባለኝ ኃይል ጎተትኩት። ጥርሱ ሲላጥ በክንዴ ተሰማኝ። ቡሎኑ ዝም ብሎ ይዞር ጀመር።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። "ጋሽ ታደሰ፣ አበላሽቼዋለሁ፣ ነገ አይሂዱ" ብል ምን ነበረበት? ፈራሁ። መኪናዋ ለጥገና ደብረ ብርሃን ትላካለች፣ ከዚያ ወዲያ ማን እኔ ጋ ይመጣል አልኩ። እኔው ራሴ፣ በዚህ እጄ፣ ቡሎኑን በክር ጠቅልዬ፣ የልብስ ሳሙና ለቅልቄ መልሼ ሰካሁት። አዲስ ዘይት ሞልቼ፣ ሞተሩን አስነሥቼ እንደገና ዱቄት ነሰነስኩ። በዘመሮ ብርድ ሳሙናው ድንጋይ ሆኖ ያዘ። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ አጠፋሁት። ጋሽ ታደሰ ጎንበስ ብለው ደረቁን ዱቄት አዩ።

"ቆላ ወርዳ ስትግልስ?" አሉኝ።

"ምንም አትሆንም፣ በእኔ ይሁንብዎ" አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ሳሙና ሙቀት እንደማይችል አላውቅም ነበር ልበልህ? አውቅ ነበር። በማግስቱ ሥራ አልያዝልህ አለኝ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መንገዱን ወጥቼ አያለሁ።

መኪናዋን በጭነት መኪና ጎትተው አመጧት። ቁልቁለቱ ላይ ዘይቷ ተንጠፍጥፎ ሞተሯ ተቃጥሏል። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ታዲያ መሥሪያ ቤቱ "መርምርና ምክንያቱን ንገረን" ያለው ማንን መሰለህ? እኔን ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ብቻዬን ገባሁ። ሳሙናው ቀልጦ ጠፍቷል፤ ክሩ ብቻ ቡሎኑ ላይ ተንጠልጥሏል። ከላይ የኃላፊው ጫማ ይታየኛል። "አገኘኸው?" ይለኛል። ክሩን በጥሼ ኪሴ ከተትኩት።

የመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ላይ ተጠርቼ ቆሜ፣ "ከእጄ ስትወጣ ጠብታ አልነበራትም፤ ዘይቷን ሳያዩ ነድተው ይሆናል" አልኩ። ይሆናል አልኩ፣ አየህ? ጋሽ ታደሰ ቀና ብለው አዩኝ። ቸልተኛ ተብለው ከሥራ ተሰናበቱ። መሪ ይዘው ያረጁ ሰው፣ በዚያው መኸር የሰው ማሳ ላይ ገብስ ሲያጭዱ አየኋቸው። መንገድ ቀይሬ ሄድኩ።

ሁለታችንም የሚካኤል ማኅበርተኞች ነን። በእኛ ማኅበር ቂም የያዘ ሰው ሳይታረቅ ጽዋውን አይቀምስም። ከዚያ በኋላ በተሰበሰብንበት አንድ ቀን ጽዋው ሊዞር ሲል ጋሽ ታደሰ ተነሡ። አለቀልኝ፣ ሊያወጡት ነው አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ በሆዴ እሰይም ብያለሁ።

"እኔ ከዚህ ልጅ ጋር ሳልታረቅ አልቀምስም" አሉ። "ሥራዬን ያጣሁ ጊዜ ጠርጥሬዋለሁ። መኪናዋን ያበላሸብኝ እሱ ነው ብዬ ለሚስቴም ነግሬያለሁ። በማላውቀው ነገር የሰው ስም አነሣሁ። ይቅር በለኝ ልጄ" ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ቄሱ፣ "በል እንጂ፣ ይቅር በል" አሉኝ። የጠረጠሩት እውነት ነው ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ያችን ትንፋሽ ምን ላይ አዋልኳት? ጋሽ ታደሰን ደግፌ አነሣሁና "ይቅር ብያለሁ" አልኳቸው። ጽዋውንም ተቀብዬ ጠጣሁ።

ዛሬ በሕይወት የሉም። ይቅር በለኝ ብዬ አንተን አላስቸግርህም። ይቅር ማለት የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ይቅርታውን ከእኔ ተቀብለው ሄዱ።